ከጀርባ የተጠራ ስም

አጎቴ ቶርፊ የአባቴን ስም ከጀርባው ቆሞ በዝግታ ሲጠራ መጀመሪያ የሰማሁት፣ የዓሣው ወራት አልቆ ጀልባዎቹ ወደቡ ላይ በታሰሩበት ሳምንት ነበር።

አባቴ ከቤታችን ግድግዳ ሥር ተቀምጦ የወፍ እንቁላል መልቀሚያ ከረጢቱን ይሰፋል። ውሻው ኮሉር እግሩ ሥር ተኝቷል። እኔ ከዓሣ ማድረቂያው እንጨት ኋላ ነበርሁ፤ ከደረቀው ዓሣ እየቦጨቅሁ ስለምበላ እንዳልታይ አጎንብሻለሁ። አጎቴ ከቤት ወጣና ከአባቴ ጀርባ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ሄርማን» አለ።

ጥሪ አልነበረም። ሰው የሚጠራ ሰው አገጩን ቀና ያደርጋል፤ አጎቴ ግን አቀርቅሮ ለሣሩ የሚያወራ ይመስል ነበር። አባቴ መርፌውን አስገባ፤ አወጣ። አጎቴ አንድ እርምጃ ቀረበና በዚያው ድምፅ ደገመው። ደግሞ ቀረበ። በዚህ ጊዜ ኮሉር ነቅቶ ጆሮውን አቆመ፤ አባቴም ዘወር አለ።

«ምነው?»

«ምንም። ነፋሱ ዞሯል ልልህ ነው።»

ነፋሱ አልዞረም ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የደሴት ልጅ ነኝ፤ ነፋስ ሲዞርና ሳይዞር አውቃለሁ።

ያ ግቢ ዛሬ የለም። እኔ ካደግሁ በኋላ ከቤቶቹ ጀርባ ምድር ተሰንጥቆ እሳት ሲፈስ፣ ግድግዳውም የዓሣ ማድረቂያውም ከጥቁር ድንጋይ በታች ቀሩ። ወስጄ የማሳየው ስፍራ የለኝም። ያለኝ በጆሮዬ የያዝሁት ብቻ ነው።

የእናቴ እናት፣ አያቴ ኦድኒ፣ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። ዓይኗ ፈዟል፤ አፏ አልፈዘዘም። የዚያኑ ቀን ሱፍ እያፍታታን ሳለ እንደ ዋዛ አድርጌ ጠየቅኋት።

«አያቴ፣ ሰው ስሙ ከኋላው በዝግታ ቢጠራና ባይመልስ ምን ይሆናል?»

«ማን ጠራሽ?»

«ማንም። እንዲያው ነው።»

«እንዲያው አይጠየቅም እንዲህ ያለ ነገር።» እጇን ግን ከሱፉ ላይ አላነሣችም። «ያልመለሰ ሰው ስሙ የጠሪው ይሆናላ። በእናቴ ጊዜ እንዲህ የሚደግም ሰው ነበር። ከኋላ ይጠራል፣ ቀስ ብሎ፤ ደጋግሞ ይጠራል። ባለስሙ ሳይመልስ ከከረመ ወይ ባሕር ይወስደዋል ወይ ገደል።»

«መድኃኒት የለውም?»

«አለው እንጂ። የሥጋ ዘመዱ ቀድሞ ‹አለሁ› ካለለት ድግምቱ ይፈርሳል። ግን ቶሎ ነው፤ ሾርባ እስኪበርድ አይጠበቅም። በይ አሁን አፍታቺ፤ እጅሽ ቆመ።»

አጎቴ ቶርፊ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሚስት አላገባም፤ ከእኛ ጣሪያ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ያድራል። እስከዚያ ሳምንት ድረስ ክፉ ሰው ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። አባቴን የሚጠላበት ምክንያት ይኖረው እንደሆነ ያሳወቀኝ የሰፈራችን ልጅ ስኩሊ ነው።

በደሴታችን በሄይማኤይ ልጅ ከመዋኘት በፊት በገመድ መወዛወዝ ይማራል። ከወደቡ አጠገብ ካለው ትንሽ ገደል ላይ ገመድ ይንጠለጠላል፤ ከትምህርት በኋላ ሁላችንም እዚያ ነን። ስኩሊ ከኔ በዕድሜ ከፍ ይላል፤ በገመዱ ከግድግዳ ግድግዳ እየዘለለ ማውራት ይችል ነበር።

«ስቫላ፣ አጎትሽ ዘንድሮም ቁጭ ብሎ ገመድ ሊይዝ ነው?»

«አንተ ምን አገባህ?»

«አዝኜለት ነው። የተቀመጠበት ቦታ እኮ ሣር ማብቀል ተወ። ምስኪን፤ አባትሽ ካልወደቀ መቼም ተራ አይደርሰው።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስደርስ ሳቁ አልቆ ነገሩ ብቻ ቀርቶ ነበር።

እውነት ነበረው። በእኛ ዘንድ ስም ያለው በገመድ ገደል ወርዶ የወፍ እንቁላል የሚለቅመው ወራጁ ነው። በየቤቱ፣ ጠረጴዛ ላይ እንቁላል ሲቀርብ፣ «የሄርማን እንቁላል ነው» ይባላል። ከላይ ተቀምጦ ተረከዙን መሬት ውስጥ ቀብሮ ገመዱን በጀርባው አዙሮ የያዘውን ሰው ማንም አያነሣም። አባቴ ይወርዳል፤ አጎቴ ይይዛል። የአባቴ ሕይወት በሙሉ በአጎቴ ጀርባ ላይ የሚዞር አንድ ገመድ ነው። ይህን ከዚያ ቀን በፊት አስቤው አላውቅም ነበር።

ገደላችን ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ከባሕሩ ሲነሣ ቡናማ ነው፤ ከውኃ ሥር የፈነዳ እሳት የተፋው አመድ ጠጥሮ ድንጋይ የሆነ፣ ነፋስና ጨው እየቦረቦሩ የማር እንጀራ ያስመሰሉት። ወፎቹ የሚጥሉት በዚህ ቡናማ ግድግዳ እርከኖች ላይ ነው፤ እንቁላሎቻቸው ወደ አንድ ጫፍ የሾሉ ስለሆኑ ቢነኩ በክብ ይዞራሉ እንጂ አይንከባለሉም። ከእርከኖቹ በላይ ቀይ የተቃጠለ ጠጠር እንደ ቀበቶ ያልፋል። ከቀበቶው በላይ ጥቁሩ አለ፤ ቀልጦ ፈስሶ፣ ሲቀዘቅዝ ምሰሶ ምሰሶ ሆኖ የተሰነጠቀው። በጥቁሩ ላይ አፈር፣ በአፈሩ ላይ ሣር። ሣሩን ደግሞ ቀይ ምንቃር ያላቸው ወፎች ጎሬ እየማሱ ውስጡን ባዶ አድርገውታል፤ አፋፉ ላይ የሚሄድ ሰው ፍራሽ የረገጠ ይመስለዋል።

ሰው የሚገድለው ቀዩ ቀበቶ ነው። ሌሊት ውርጭ ያጠብቀዋል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስታገኘው ይለቃል። መጀመሪያ አሸዋው ይንሾካሾካል፤ ዱቄት ከወንፊት ሲወርድ ያለ ድምፅ ነው። ድንጋዩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሸዋውን የሰማ ከግድግዳው ይለጠፋል። ያልሰሙት በመቃብር ቦታችን በተርታ አሉ። ከሥር ባሕሩ ዋሻ ውስጥ እየገባ ይደበድባል፤ ከፊት ወፎቹ አንድ ገበያ ሙሉ ሆነው ይጮኻሉ፤ በዚያ ሁሉ መካከል ያችን ሹክሹክታ መለየት የወራጅነት ዋናው ነገር ነው። ክንድ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስለዚህ ይመስለኛል ሽማግሌዎቹ ያን ወግ ያኖሩት። በፀደይ የመጀመሪያው ቀን፣ ወራጁ ገመዱን ታጥቆ ፊቱን ወደ ባሕሩ መልሶ ይቆማል። ገመድ ያዡ ከኋላው ስሙን ይጠራል። ወራጁ «አለሁ» ይላል፤ ይወርዳል። ለምን እንደሆነ የሚናገር አልነበረም፤ ሳይመልስ የወረደም አልነበረም። እኔ ቡራኬ አድርጌ ነበር የያዝሁት። በሌሎቹ ዓመታት አጎቴ ሲጠራ ባሕሩ ማዶ እንዲሰማ አድርጎ ነው፤ «ሄርማን፣ እታች ሚስት ካገኘህ ለኔም እያት!» ሁሉም ይስቃሉ፤ አባቴ ከሁሉም ዘግይቶ ይስቃል።

አባቴ ለቀልድ ሁሉ ከሰው ዘግይቶ ነበር የሚስቀው። እያጣጣመው ይመስለኝ ነበር። የብርዱን ወራት በሙሉ የዓሣ ጀልባ ሞተሪስት ሆኖ፣ አፉን እንደ መዶሻ ከሚያሠራው ሞተር ጎን ይከርማል። ሞተሪስቶች ሁሉ ሲያወሩ ይጮኻሉ፤ እሱም ይጮኽ ነበር። «ፊቴን እያየሽ አውሪኝ» ይለኛል፤ «ከሰው ጀርባ የሚያወራ በግ ብቻ ነው።» ጨዋነት እያስተማረኝ ነበር። በዚያ ፀደይ ደግሞ ከኮሉር ተለይቶ አያውቅም፤ ተቀምጦም ቆሞም ዓይኑ ከውሻው ጆሮ አይነሣም። እንደዚህ ውሻ የሚወድ ሰው በምድር ላይ የለም እል ነበር።

አጎቴ መጥራቱን አልተወም። አባቴ ጀልባ ሲቀባ ከኋላው፤ በግ ሲቆጥር ከኋላው። ኮሉር ራቅ ያለ ጊዜ መርጦ ነው የሚጠራው፤ ይህን ለመገንዘብ ብዙ አልፈጀብኝም። እኔም የትም ሆኜ ከሰማሁ ከንፈሬን ገጥሜ በልቤ «አለሁ» እላለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ወደብ ወርዶ ነበር። እኔ ከማዕድ ቤቱ በላይ፣ ሱፍ በሚከማችበት ቆጥ ላይ ነኝ። የሳንቃው ክፍተት የእናቴን ማጀት ያሳያል። እናቴ ላውፌይ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች፤ ደርቆ ሳለ ትጠርገዋለች። አጎቴ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«መቼ ነው የሚያልቀው ይሄ ነገር?» አለች።

«ከመውረዱ በፊት ነዋ።»

«ውሻውስ?»

«ውሻውን እኔ እይዘዋለሁ። ውሻው ካለ አይሆንም።»

«ቢያውቅብህስ?»

«ይጠላኛል። ይጥላኝ።»

ድስቱ ውስጥ የሚፈላው ዓሣ ክዳኑን ያንኳኳል።

«እኔን ሲጠይቀኝስ?» አለች እናቴ።

«አንቺ ምንም አታውቂም። እንደዚያ አይደል የተባባልነው?»

ፊቴን ሱፉ ውስጥ ቀበርሁት። የሱፉ ቅባት ሽታ እስከ ዛሬ ያን ንግግር ያመጣብኛል። አጎቴ ብቻውን ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ እናቴ ግን የአባቴን ካልሲ የምትሠራ፣ ከጀልባ ሲወርድ ሮጣ የምትቀበለው ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰጠችኝን ዳቦ ቀድሜ አሸትተው ነበር።

ለራት ተሰብስበን ሳለ አጎቴ ውኃ ሊቀዳ ተነሣ። ኮሉር ውጭ ነው። አባቴ ደረቅ ዓሣውን በቅቤ እየነከረ ይበላል። አጎቴ ከጀርባው ሲደርስ ቆም አለ።

«ሄርማን።»

«አለሁ!» አልሁ፤ ጮኼ።

የእናቴ ጭልፋ ወለል ላይ ወደቀ። አያቴ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

«አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?»

«ማንም» አልሁ።

አባቴ የሁላችንን ፊት ተራ በተራ አየ፤ ከዚያ፣ ዘግይቶ፣ ሳቀ። ማንም ያልቀለደው ቀልድ ነበር። አጎቴ ማንቆርቆሪያውን ይዞ አጠገቤ ጎንበስ አለ።

«አንቺ ጆሮሽ ጥሩ ነው» አለኝ፤ ለኔ ብቻ። «ጆሮ ያለው ሰው ብዙ ይሰማል። ሰምተሽ ዝም በይ፣ እሺ?»

ያስፈራራኝ መሰለኝ። ማንቆርቆሪያውን ሲያጋድል ውኃው ከብርጭቆዬ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። የተያዘ ሰው የሚቀዳበትን አያይም አልሁ በልቤ።

አባቴን ለማስጠንቀቅ ቆረጥሁ። ሆኖም ፊቱን እያየሁ «ወንድምህ ሊገድልህ ነው» ለማለት አቅም አጣሁ። መውረጃው ቀን ከመድረሱ በፊት፣ ገደሉን ሊያይ ሲሄድ ተከተልሁት። በአፋፉ ያለችው መንገድ አንድ ሰው ብቻ ታሳልፋለች፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ኮሉር በግ ሊያባርር ወደ ጉብታው ሮጧል። የአባቴን ሰፊ ጀርባ እያየሁ ተናገርሁ።

«አባባ፣ አጎቴ ቶርፊ ሊገድልህ ነው። እማዬም ታውቃለች።»

አልመለሰም። ትከሻው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ነፋስ አልነበረም፤ ጮኼ ባልናገርም በሹክሹክታ አልነበረም። ጥቂት ከሄደ በኋላ ጎንበስ ብሎ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ያን ወፍራም አረንጓዴ ቅጠል ቀጠፈ፤ ዞሮ ሰጠኝ።

«ብዪ፤ ለጥርስ ጥሩ ነው።»

ቅጠሉ ይመራል፤ ጨውም አለው። እያኘክሁ አለቀስሁ፤ እሱ ምሬቱ መስሎት ሳቀ። ያወቀው ነገር ነው፣ አልሁ። ሞቱን ያውቃል፤ አውቆም ቅጠል ይቀጥፍልኛል። በሕይወቴ አንድን ሰው የዚያን ያህል አክብሬ አላውቅም።

የመውረጃው ቀን ጠዋት ሰማዩ የተጠረገ ነበር፤ ሌሊቱን ውርጭ መትቷል። አጎቴ ኮሉርን በአንገቱ ይዞ ወደ ገመድ ቤቱ ሲያስገባው በመስኮት አየሁ። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ውሻው በሩን ይቧጭር ጀመር።

አባቴ ወጥቶ አፏጨ። ጠበቀ። ደግሞ አፏጨ።

«ኮሉርን አይታችኋል?»

«ወደ ጉብታው በግ ተከትሎ ሲሄድ አይቼዋለሁ» አለ አጎቴ፤ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ይመጣል፤ እንሂድ።»

ገመድ ቤቱ አጠገባችን ነው። የውሻው ጥፍር ሳንቃውን ሲልግ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። አባቴ ግን ወደ ጉብታው ነበር የሚያየው፤ ያን ጊዜ በፊቱ ላይ ያየሁትን ከዚያ በፊት አላየሁበትም። አባቴ ፈርቶ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሽርጧን ታጣምማለች።

አፋፉ ላይ የደረስነው ስድስት ሆነን ነው፤ ሽማግሌው ግሪሙር፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ አባቴ፣ አጎቴ፣ እንቁላሉን በገለባ ውስጥ የምደረድረው እኔ። ግሪሙር ከአፋፉ ጫፍ በደረቱ ተኝቶ ታች ያለውን የሚያይ፣ ድንጋይ ሲመጣ የሚጮኽ እሱ ነው። በገደሉ ላይ የእሱ ቃል የመጨረሻ ነው። አጎቴ እንደየዓመቱ ሁሉ መጀመሪያ አፋፉ ላይ ወዳለችው የድንጋይ ጎጆ ጀርባ ሄደ፤ አፉን በእጅጌው እየጠረገ ተመለሰ። ደብቆ የሚጠጣው ነገር አለ፤ ለድፍረት ነው አልሁ።

አባቴ ገመዱን ታጥቆ ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰ። እግሩ ሥር፣ ኮሉር ይተኛበት በነበረው ቦታ፣ ሣር ብቻ ነበር። አጎቴ ከኋላው ቆመ። እኔ ከጎን ሆኜ ሁለቱንም አያለሁ።

«ሄርማን» አለ አጎቴ። አልጮኸም። እንደዚያ ግቢው ውስጥ፣ ለሣሩ።

ወፎቹ ይጮኻሉ። አባቴ ዝም ብሎ ቆሟል። ግሪሙር ራሱን ቀና አደረገ።

«ሄርማን» አለ አጎቴ እንደገና፤ ድምፁ ተሰበረ። አባቴ ዓይኑን ወደ ጎን ላከ፤ አንድ ነገር ሊያይ ይፈልግ ነበር፤ የሚያየው ግን አልነበረም።

«አለሁ!» ብዬ ጮኽሁ።

ሰዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አባቴ መዞራቸውን አየ። «አለሁ» አለ፤ በሞተሪስት ድምፁ፣ ዘግይቶ፣ እንደ ሳቁ።

ማንም አልሳቀም። ግሪሙር ተነሥቶ መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ።

«ማን ነው የመለሰው?»

አባቴ የሽማግሌውን አፍ አፍ አየ። «እኔ ነኝ።»

«ወንድምህ ስንት ጊዜ ጠራህ?»

አባቴ ወደ እኔ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ ወንድሙ። አጎቴ መሬት መሬት ያያል።

«አንዴ» አለ አባቴ።

ግሪሙር በዚህ ጊዜ ከንፈሩን ብቻ ነበር ያንቀሳቀሰው፤ እኔ ምንም አልሰማሁም፤ አባቴ ግን ሰማ። «ፍታው፣ ሄርማን» ብሎት ኖሯል። በእኛ ዘንድ በሰው ወገብ ላይ ያለን ቋጠሮ ሌላ እጅ አይነካውም። አባቴ ራሱ ፈታው። ጣቶቹ ያን ቋጠሮ በጨለማ የሚያውቁት ነበሩ፤ የዚያን ቀን ግን ብዙ ቆዩበት።

«ታዲያ ማን ሊወርድ ነው?» አለ አንዱ ጎረቤት።

«እኔ» አለ አጎቴ።

በቃ። ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። አባቴን ከሞት አድኜዋለሁ፤ ገደሉን ግን ተሰረቅን። አጎቴ ደግሞ ወደ ጎጆዋ ጀርባ ሄዶ ተመለሰ፤ ገመዱን ታጠቀ፤ ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰ። አባቴ ወንድሙ ለዓመታት በተቀመጠበት ሣር አልባ ስፍራ ተቀመጠ፤ ተረከዙን አገባ።

«ቶርፊ!» ብሎ ጠራ።

«አለሁ» አለ አጎቴ። ከዚያ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ወግም ሳይሆን፣ እጁን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ አሳየ። አባቴ ገመዱን ለቀቅ አደረገ።

ረፋድ ላይ ፀሐይ ግድግዳውን አገኘችው። አሸዋውን እኔም ሰማሁት፤ ከቀዩ ቀበቶ፣ በቀስታ። ግሪሙር «ድንጋይ!» ብሎ ጮኸ። አባቴ አንገቱን አላነሣም፤ ከዚያ ግን ገመዱ በእጁ ውስጥ አንድ ነገር ነገረው፤ ተረከዙን ቀብሮ ወደ ኋላ ተለጠጠ፤ የአንገቱ ሥሮች ተገተሩ። ድንጋዩ ሲያልፍ ወፎቹ ሁሉ በአንድ ላይ ተነሡ፤ ገደሉ ነጭ ሆነ።

አጎቴን ሲስቡት ከረጢቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ነበር፤ ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ አስኳልና ቅርፊት። ፊቱ ወረቀት መስሏል። የምርጡን እርከን እንቁላል ሰብሮብናል አልሁ፤ አባቴ አንድም ሰብሮ አያውቅም ነበር።

አባቴ ከመሬት ተነሣ። የሚመታው መስሎኝ ነበር፤ ጠበቅሁ።

«ውሻዬ የት ነው?» አለ።

አጎቴ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። አባቴ ቁልፉን አየው፤ ኪሱ ከተተ። ከዚያ በሱፍ ካልሲ የተጠቀለለውን የቡና ጠርሙስ አንሥቶ፣ ክዳኑን ነቅሎ፣ ለወንድሙ አስቀድሞ አጠጣው። የተሸነፈ ሰው አሸናፊውን ሲያበላ እንደዚህ ነው፣ አልሁ። ለአጎቴ ሰላምታ ሳልሰጥ ያን በጋ አሳለፍሁ። አባቴም ለማናችንም ብዙ አልተናገረም።

ያ በጋ ካለፈ በኋላ አባቴ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሬይክያቪክ ተወስዶ ተመረመረ። ሐኪሙ ያገኘውን፣ የአባቴ ጆሮ መደንቆሩን፣ እናቴ በብርዱ ወራት ነገረችን፤ ከዚያ በፊት በቤታችን ያልተነገረው፣ ማንም ያላወቀው ስለሆነ ሳይሆን ሁሉም ስላወቀው ነበር። ቃሉ ከአንድ ሰው አፍ ቢወጣ አባቴ ሞተሩንም ገደሉንም በአንድ ቀን ያጣል። እሱ ራሱ ተናግሮ እንዲተወው ነበር የሚጠብቁት፤ እሱ ደግሞ ውሻ አሠለጠነ። ይህን ሁሉ ሰምቼም አጎቴን ለማመን ዓመታት ፈጅቶብኛል። ጥርጣሬ ምክንያቱ ሲፈርስ አብሮ አይፈርስም። ብቻውን ይቆማል፤ እንደ ጥቁሮቹ ምሰሶዎች፣ ከሥሩ ቡናማው ተበልቶ ሳለ።

አጎቴ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ በየፀደዩ ወረደ፤ አባቴም በየፀደዩ ያዘው። «የቶርፊ እንቁላል» የሚል ግን በከተማው አልተሰማም፤ እሱ ራሱ «የሄርማን ነው» እያለ ነበር የሚያድለው። አንድ ጊዜ፣ እኔ ልጆች ከወለድሁ በኋላ፣ ጎጆዋ አጠገብ ተቀምጠን ጠየቅሁት።

«አጎቴ፣ ከዚያ ጀርባ እየሄድህ ምን ነበር የምትጠጣው?»

«እጠጣ?» ብሎ ሳቀ። «የጠጣሁትን ነው የምመልሰው። ቁመት ያስመልሰኛል፣ ልጄ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ነው። ለምን ይመስልሻል ገመድ መያዝ የመረጥሁት?»

«ታዲያ ለምን ወረድህ?»

«ሌላ ሰው ቢወርድ፣ አባትሽን ገመዱን ያስይዘው ነበር?» አለኝ።

ባለፈው ፀደይ አጎቴን ቀበርነው። መቃብሩ ከሌላው ሰው ሁሉ ጋር በተርታ ነው፤ ከሥር አሸዋና ቀይ ጠጠር ይወጣል። ሣጥኑ በገመድ ነው የሚወርደው። አባቴ ምንም የማይሰማ ሽማግሌ ሆኗል፤ ቢሆንም አንዱን ጫፍ ለመያዝ ሲመጣ የከለከለው የለም። ገመዱን በጀርባው አዞረ፤ ተረከዙን አፈሩ ውስጥ ቀበረ። ሌሎቹ መልቀቅ ሲጀምሩ እሱ ጠበቀ። ስለ እሱ ሲባል ሁሉም ቆሙ።

«ቶርፊ» አለ።

አልጮኸም። ዕድሜውን ሙሉ ይጮኽ የነበረ ሰው፣ አቀርቅሮ፣ ለሣሩ። ቄሱ መጽሐፉን ይዞ ቆመ። ነፋስ አልነበረም።

እኔ ከአባቴ ጀርባ ነበርሁ። ጉድጓዱን ዞሬ ከማዶ፣ ፊቱን በማይበት ስፍራ ቆምሁ። ቀና እስኪል ጠበቅሁት፤ እጄንም ከራሴ በላይ ከፍ አደረግሁ።

«አለሁ» አልሁት።

አፌን አየ። ገመዱን ለቀቅ አደረገ።